ከማያምኑ ጓደኞቼ ጋር ወንጌል ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ጎንደር ላይ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጎንደር የምሠራ ነርስ ነኝ፤ የወንጌል አማኝ ነኝ። በሥራ ቦታ የተዋወቅኋቸው ሦስት ጓደኞች አሉኝ። አንዱ “በሳይንስ ያልተረጋገጠ ነገር አልቀበልም” ይላል። አንዷ በኦርቶዶክስ ቤት ያደገች ናት፤ አሁን ግን ምን እንደምታምን እንደማታውቅ ነው የምትነግረኝ። ሦስተኛዋ ሙስሊም ናት፤ ስለ ኢየሱስ ብዙ ትጠይቀኛለች። እቤቴ ትንሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ቡድን ልጀምርላቸው አስቤያለሁ። ግን አስተማሪ አይደለሁም። የምኖረውም ተከራይቼ ነው። ሰውም “ሃይማኖት ልታስለውጣቸው ነው” እንዳይል ፈራሁ። ከየት ልጀምር? ምን ብዬ ልጥራቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ላንቺም ሰላም ይሁን።

አስተማሪ አለመሆንሽ አያስጨንቅሽ። ለዚህ ሥራ እንዲያውም ይጠቅምሻል። የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎችን ሳሠለጥን የማየው ችግር የሚመጣው ብዙ ከሚያውቁት ነው። ብዙ የሚያውቅ መሪ ዝም ማለት ይከብደዋል። አንድ ሰው ጥያቄ ሲያነሳ አምስት ጥቅስ ይደረድርለታል። ጠያቂው ራሱን ይነቀንቅና በሚቀጥለው ሳምንት «ተረኛ ነኝ» ብሎ ይቀራል።

ሌላው ችግር የለመድነውን የአማኞች ኅብረት እንዳለ መገልበጥ ነው። ዝማሬ፣ ጸሎት፣ ምስክርነት፣ ትምህርት፣ ከዚያ የጸሎት ርእስ። ይህ ላመነ ሰው ቤቱ ነው። ላላመነ ሰው ግን እንደማያውቀው ሰው ሠርግ ነው፤ አጨብጭቦ፣ በልቶ ይሄዳል።

አንቺ የምትጀምሪው ከዚህ በጣም የቀለለ ነገር ነው። አንድ አጭር ንባብ፣ ጥቂት ጥያቄ፣ ቡና። መለኪያዬም አንድ ነው። ከጓደኞችሽ አንዳቸውም ባያምኑ እንኳ፣ ሲያልቅ «መምጣቴ አልቆጨኝም፤ ማንም አላታለለኝም» ማለት ይችላሉ? የሚችሉ ከሆነ ጀምሪው። የማይችሉ ከሆነ ይቅርብሽ።

መጀመሪያ «ያላመነ» የምትዪው ማንን እንደሆነ ለራስሽ ለዪ። ያለሽው ጎንደር ነው፤ የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ። ጎረቤትሽ ክርስትና የተነሣ፣ ማዕተብ ያሰረ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ነው። እሱን «ያላመነ» ብትዪው ስድብ ነው፤ መልሱንም እዚያው ታገኚዋለሽ። አንዳንድ ወገኖቻችን በዚህ አይስማሙኝም። የእኔ አቋም ግን ይህ ነው፦ ቡድኑ በራሳቸው አፍ «አላምንም» ወይም «አላውቅም» ለሚሉ፣ አለዚያም ራሳቸው ልወቅ ብለው ለሚጠይቁ ሰዎች ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ያደገችው ጓደኛሽ ራሷ ስለተናገረች ቦታ አላት። ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ከጠየቀችሽ ግን «ይህንን የንስሐ አባትሽን ብትጠይቂ ይሻላል» በያት። ከልብሽ በይው። ስለ ታቦትና ስለ ቅዱሳን ክርክር የተነሣ ዕለት ቡድኑ አለቀለት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወገኑን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

የሰው ጥርጣሬም ከመሬት አልተነሣም። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑበት ዘመን ብዙ ደም ፈስሷል። ልጃቸው አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነገሡ፤ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑንም ከአገር አስወጡ። ጎንደርን የቆረቆሯት ከዚያ 4 ዓመት ቆይተው በ1636 ነው። «ሃይማኖቴን ሊያስለውጡኝ ነው» የሚለው ስጋት ከከተማዋ ጋር አብሮ ያደገ ነው ማለት ይቻላል።

ያም ሆኖ ጎንደር ጥያቄ የምትጠላ ከተማ አይደለችም። የመጻሕፍት መምህራኗ አንዱን ንባብ «አንድም… አንድም…» እያሉ ሲያገላብጡት ኖረዋል። ሳሙኤል ጎባት የተባለው ፕሮቴስታንት ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1830 የአማርኛ ወንጌል ይዞ ጎንደር ሲገባ፣ ካህናትና ደብተራዎች ማረፊያው ድረስ እየመጡ ይጠይቁትና ይከራከሩት ነበር። ንባብ ዘርግቶ መጠያየቅ እዚህ ከተማ ነውር አይደለም። ሰውን የሚያስቆጣው መደበቁ ነው።

ስለዚህ አትደብቂ። «ቡና እንጠጣ» ብለሽ ጠርተሽ፣ ሰው ከተቀመጠ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ አታውጪ። በዚህ የተበላሸ ጓደኝነት ብዙ ነው። ምን እንደምታደርጉ ከመምጣታቸው በፊት ይወቁ።

ለአከራይሽም ቀድመሽ ንገሪያት። በየሳምንቱ እሑድ አራት አምስት ሰው ከበር ሲገባና ሲወጣ እያየች ዝም አትልም። ካንቺ ካልሰማች ከጎረቤት ትሰማለች። ያኔ ወሬው «ጴንጤዎች ግቢሽ ውስጥ ጉባኤ ከፈቱ» ሆኖ ነው የሚደርሳት። «እትዬ፣ እሑድ ከሰዓት የሥራ ባልደረቦቼ ይመጣሉ። ቡና እንጠጣለን፣ ከወንጌል ትንሽ እናነባለን። ጩኸት የለውም፤ 11 ሰዓት ላይ ይሄዳሉ» በያት። እሺ ካለች አቦሉን ለእሷም ላኪላት። ደስ ካላላት አትሟገቺ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትሽን ያስከብርልሻል፤ ከአከራይሽ ጋር ተስማምቶ መኖር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ወይም ለሥራ ቦታችሁ የሚቀርብ፣ ሙዚቃው የማይጮኽ ካፌ ፈልጊ። ለአራት ሰው አንድ ጥግ ይበቃል።

ማታ አትጥሪ። አሁን ባለው ሁኔታ ሰው አምሽቶ መመለስ ይፈራል፤ ከአዳር ተረኝነት የወጣ ባልደረባም ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። እሑድ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። የጥምቀት ሰሞን አትጀምሪው፤ «አላምንም» የሚለውን ጓደኛሽን ራሱን የአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ነው የምታገኚው። በረመዳንም ሙስሊሟን ጓደኛሽን የቀን ቡና መጥራት አይሆንም። ሥጋ አታቅርቢ። በክርስቲያን የታረደ ሥጋ ለእሷ አይሆናትም፤ በጾም ወራት ደግሞ ለሌላዋ አይሆንም። ቆሎ፣ ዳቦና ቡና ካለ ሁሉም ይበላል። ቡናው ሰዓቱንም ይመጥንልሻል። አቦል ላይ የሳምንቱ ወሬ፣ ቶና ላይ ንባቡ፣ በረካ ላይ የቀረው ጥያቄ። በረካ ተጠጥቶ ያልተቋጨ ነገር ካለ ሳይቋጭ ይደር። ለሳምንት ይመጡበታል።

ብዛታችሁ ካንቺ ጋር ከ6 አይብለጥ። አማኝ ከ2 አይብለጥ። አምስት አማኝ አንድ ተጠራጣሪን ከቦ ከተቀመጠ ሰውየው አፉን አይከፍትም። ሁለተኛውን አማኝ ስትመርጪ ዝም ማለት የሚችል ሰው ምረጪ። በጸሎት የታወቀው፣ ጥቅስ በቃሉ የሚያውቀው ወንድም ለሌላ አገልግሎት ይሁን። ለአንድ የቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌ ንገሪና ይጸልይልሽ፤ ለማየት ብሎ ግን እንዳይመጣ ለምኚው። «አንድ ጎበዝ ወንጌላዊ ልላክልሽ?» ካለሽ አመስግነሽ እምቢ በይ።

ጊዜውንም ወስኚው። «6 ሳምንት ብቻ» ብለሽ ጀምሪ። መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ሰውን ያስፈራል፤ መውጫው ከታወቀ ግን ለመሞከር ይደፍራል።

ንባቡ ማርቆስ ይሁን። ወንጌሉ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ይሮጣል። ደግሞ በ66ቱም በ81ዱም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለ «የእናንተ መጽሐፍ፣ የእኛ መጽሐፍ» የሚል ነገር አይነሣም። የዕለቱን ክፍል በአንድ ገጽ አሳትመሽ ለሁሉም አድዪ። ምዕራፍ ፈልጎ ማግኘት የማይችል ሰው በጓደኞቹ ፊት ማፈር የለበትም። ወረቀት ከሆነ ያሰምርበታል፣ የጥያቄ ምልክት ያደርግበታል፣ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ትርጉሙን በተመለከተ፣ የ1954ቱ ለብዙ ጆሮ የተለመደ ነው፤ ለማንበብ ግን አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይቀላል። እኔ ሁለተኛውን አሳትሜ የመጀመሪያውን አጠገቤ አስቀምጥ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን በምዕራፍ 2 ጀምሪ፤ አራት ሰዎች ተሸክመው በጣራ ያወረዱት ሽባ። የዚያ አገር ቤት ጣራው ጠፍጣፋ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ እንደነበር ብቻ ንገሪያቸው፤ አለዚያ ሁሉም ቆርቆሮ ሲነቀል ነው የሚታየው። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «ሰውየው የመጣው ለእግሩ ነው። ኢየሱስ ስለ ኃጢአት የሚያወራው ለምንድን ነው?» ጠይቀሽ ዝም በይ። በሁለተኛው ሳምንት የምዕራፍ 4ን ማዕበል አንብቡ። ከዚያ ምዕራፍ 5። በአራተኛው ልጁ የታመመበት አባት፣ ምዕራፍ 9። በአምስተኛው ሀብታሙ ሰው፣ ምዕራፍ 10። በመጨረሻው ስቅለቱና ባዶው መቃብር።

ለእናንተ ለጤና ባለሙያዎች ምዕራፍ 5 የተለየ ነውና እዚያ ላይ ልቆይ። ከቁጥር 21 እስከ 43 ነው። ኢያኢሮስ የሚባል የምኵራብ አለቃ ልጁ ልትሞት ተቃርባለች፤ ኢየሱስን ይዞት እየሄደ ነው። መንገድ ላይ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ትነካለች። ቁጥር 26 ላይ ይህች ሴት በብዙ ባለ መድኃኒቶች እጅ እንደተሠቃየች፣ ገንዘቧን ሁሉ እንደጨረሰች፣ እንደባሰባትም ይላል። እዚህ ላይ አንዱ «ድሮም የሚወቀሰው የጤና ባለሙያ ነው!» ማለቱ አይቀርም። ይሳቁ። ስለ ራሳቸው ታካሚዎች ማውራት ከጀመሩም አታቋርጪ።

ከዚያ ታሪኩ ይቆማል። ኢየሱስ «ማን ነካኝ?» ብሎ ይቆማል። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው እዚህ ጋ መቁነጥነጥ አለበት። አንዲት ሕፃን ነፍሷ ልትወጣ ነው። ይህችኛዋ 12 ዓመት የቆየ ሕመም ነው ያለባት፤ አንድ ሰዓት ብትጠብቅ ምን ትሆናለች? «ይህ ሰው ትሪያጅ (ለባሰበት ታካሚ ቅድሚያ መስጠት) አያውቅም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ፣ የሳምንቱን ምርጥ ጥያቄ አገኘሽ። እንዳትመልሺው! «አባትየውን እዩት እስቲ፤ አሁን ፊቱ ምን ይመስላል?» ብለሽ ወደ ንባቡ መልሻቸው። ቁጥር 35 ላይ ልጅቷ መሞቷን ነጋሪ ይመጣል። ስለዚህ መዘግየቱ ዋጋ አስከፍሏል፤ ታሪኩ ይህን አይደብቅም። ኢየሱስ ሴትዮዋን «ልጄ ሆይ» ብሎ መጥራቱን፣ የሞተችውም ልጅ ዕድሜዋ 12 መሆኑን አንቺ አትንገሪያቸው። ከወረቀቱ ላይ ራሳቸው ያገኙታል፤ ሲያገኙት ድምፃቸው ይለወጣል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ተነሥታ ስትሄድ ኢየሱስ የሚያዝዘው የምትበላውን እንዲሰጧት ነው። ይህንን ነርስ በደንብ ይገባዋል።

ጥያቄዎችሽ እንደዚህ ከንባቡ የሚወጡ ይሁኑ። ምን ገረመህ? ምኑ አልተዋጠልሽም? ይህን ሰው ፊት ለፊት ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? «ትክክል ነህ» እና «ተሳስተሃል» የሚሉትን ቃላት ለስድስቱ ሳምንት ተያቸው። ከጠየቅሽ በኋላ በሆድሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ዝምታው ላንቺ ነው የሚረዝመው፤ እነሱ እያሰቡ ነው። የማታውቂው ነገር ከመጣ «አላውቅም፤ ለሳምንት ጠይቄ እመጣለሁ» በይ፤ ከዚያም በእውነት ጠይቀሽ ነይ።

ሳይንስ ወዳዱ ጓደኛሽ «ተአምር የሚባል ነገር የለም» ቢል አትደንግጪ። «እሺ፤ ታሪኩን የጻፈው ሰው ግን ምን እንድናይለት ፈልጎ ይመስልሃል?» በይው። ሳይስማማ ማንበብ ይችላል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። «እግዚአብሔር ካለ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ያልቃል?» የሚል ጥያቄ በዚህ ክልል እንዲያው ለክርክር አይነሣም። ከኋላው የሞተ ወንድም ወይም የተቃጠለ ቤት አለ። «ለበጎ ነው» አትበይ። ማንን እንዳጣ ጠይቂው፤ ስሙን ጠይቂው፤ አዳምጪ። ኢየሱስ ራሱ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ ስለ ምን ተውኸኝ?» ማለቱን በስድስተኛው ሳምንት ታነቡታላችሁ። እስከዚያ ጥያቄው ክፍት ይሁን።

ስለ ጸሎትም ልበልሽ። ሲያልቅ «በአንድ ዓረፍተ ነገር ብጸልይ ይከብዳችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ካልከበዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ሦስት ደቂቃ አይደለም። ዝማሬ የለም። በልሳን መጸለይ የለም። «ጌታ ተናገረኝ»፣ «ሸክም አለኝ» የሚሉትን የቤታችን ንግግሮች በር ላይ ተያቸው።

ሙስሊሟን ጓደኛሽን በተመለከተ ሁለት ነገር። ዒሳን ከራሷ ሃይማኖት ታውቀዋለች፤ የምታውቀውን ስትናገር በአክብሮት ስሚያት። በሥላሴ ክርክር አትጀምሩ። ሁለተኛው ይበልጣል። መምጣቷ ቤተሰቧ ዘንድ ምን እንደሚያስከትል የምታውቀው እሷ ናት። አትገፋፊያት፣ «ለማንም አትንገሪ» ብለሽም አታስተምሪያት። ለዚህም ነው ፎቶ የማይነሣው። ቴሌግራም ላይ ስም የወጣለት ግሩፕ አይከፈትም፤ ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ ምንም አይወጣም። ወንጌል ይዛ የተቀመጠችበት አንድ ፎቶ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ የሚከተለውን መመለስ አትችዪም።

ሆስፒታሉ ውስጥ አታድርጊው። በተረኝነት ክፍልም፣ በሻይ ሰዓትም ቢሆን። ታካሚ ወይም አስታማሚ በፍጹም አትጋብዢ፤ መርፌ የያዘችን ነርስ እምቢ ማለት ይከብዳል። በሥርሽ የሚሠራ ወይም የምትገመግሚው ሠልጣኝ ካለም እንደዚያው። ገንዘብም አይግባበት። ከመካከላቸው የተቸገረ ካለ እርጂው፤ ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው እጅ ይሁን። አለዚያ «በስንዴ ገዛችው» የሚለው ሐሜት አንቺንም እሱንም አይለቃችሁም።

አንዱ «ማመን እፈልጋለሁ» ቢልሽስ? ቡድኑ ፊት አታጨብጭቢ። ሌሎቹ ወዲያው ተራቸው የደረሰ ይመስላቸዋል። ለብቻችሁ ተገናኙ፤ ሴት ከሆነች ካንቺ ጋር፣ ወንድ ከሆነ ከአንድ የታመነ ወንድም ጋር። ስለ ጥምቀት አታጣድፊ፤ ለቤተሰቡ መቼና እንዴት እንደሚናገር ራሱ ይወስን። በምዕራፍ 9 ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነው ያለው፤ ኢየሱስም ልጁን ፈውሶለታል። ከጓደኞችሽ ግማሹን ብቻ የሚያምን ቢመጣ በዚህ አትገረሚ።

ማንም ባያምንስ? 6 ሳምንቱ ሲያልቅ ቃልሽን ጠብቂ። «አለቀ፤ መቀጠል የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ» በይ። ያልቀጠለው ሰው ለቅሶ ሲኖርበት ድረሺ፣ ሠርግ ሲጠራሽ ሂጂ፣ ተረኝነት ቀይሪልኝ ሲልሽ ቀይሪለት። ልክ እንደ በፊቱ። ጓደኝነቱ ከቀዘቀዘ የሚያዩሽ ባልደረቦችሽ ምን እንደነበር ይገባቸዋል።

ምን ብለሽ እንደምትጠሪያቸው ጠይቀሽኛል። ለእያንዳንዳቸው ለብቻ፣ በአካል ንገሪያቸው። ካልተመቸሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ሰላም፣ እንዴት ነህ? እኔ በኢየሱስ አምናለሁ፤ ይህን ታውቃለህ። ሃይማኖት እንድትቀይር ልጎተጉትህ አይደለም። ለ6 ሳምንት እሑድ ከሰዓት እቤቴ ከማርቆስ ወንጌል አንድ አንድ ታሪክ እያነበብን የመሰለንን ልንባባል አስበናል። ሁሉም የፈለገውን ይላል፤ አለመስማማትም ይቻላል። ቡና አለ። አንድ ቀን መጥተህ አይተህ ካልተመቸህ መቅረት ትችላለህ። ምን ይመስልሃል?»

«ላስብበት» የሚል ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂው። ሁለተኛ አትጠይቂ። ከሦስቱ ሁለቱ እሺ ካሉሽ ጀምሪ። አንድ ብቻ ከሆነም ሁለት ስኒ አቅርቢና ጀምሪ።